ስፖንጁ፣ ያረጀው ክርና የጄምስ ጄመርሰን ጣት

ድምጻዊቷ፦ ሰላም ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ጠረጴዛችን ላይ ቡናና ማይክ ብቻ አይደለም ያለው። ቤዝ ጊታርም አለ። ክሮቹ ሥር ደግሞ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ተወትፏል። እስቲ አንተው ተናገር።

ቤዚስቱ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አዎ፣ ስፖንጅ ነው። ጠዋት ከሰፈር ሱቅ ገዝቼ፣ በመቀስ ቀጭን አድርጌ ቆርጬ ነው ብሪጁ አጠገብ፣ ክሮቹ አካሉ ላይ የሚያርፉበት ብረት አጠገብ፣ ያስገባሁት። ዛሬ ስለ አንድ ሰው ማውራት ፈልጌ ነው። ጄምስ ጄመርሰን ይባላል።

ድምጻዊቷ፦ ስሙን የማያውቅ ብዙ ሰው አለ።

ቤዚስቱ፦ ስሙን አያውቀው ይሆናል እንጂ ጣቱንስ ሰምቶታል። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ እንዳትሳሳቱ። በ1960ዎቹ ዲትሮይት ከተማ ሞታውን የሚባለው አሳታሚ ያወጣቸውን ዘፈኖች አስቢ። ሱፕሪምስ፣ ፎር ቶፕስ፣ ቴምፕቴሽንስ፣ ማርቪን ጌይ፣ ስቲቪ ወንደር። ከእነዚያ ሥራዎች ስንቶቹ ላይ ከሥር የሚሄደው ቤዝ የእሱ ነው! ግን ለዓመታት ሸክላው ላይ ስሙ አልነበረም። ሞታውን የሙዚቀኞቹን ስም አልበም ላይ በወጉ ያተመው በ1971 ነው፣ ማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን»ን ሲያወጣ።

ድምጻዊቷ፦ ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። እኛም ጋ እኮ ካሴቱ ላይ የዘፋኙ ፎቶ በትልቁ አለ። ቤዙን ማን ተጫወተው ስትል ግን ሽማግሌ ፈልገህ መጠየቅ ነው።

ቤዚስቱ፦ እኔ ለዚህ ነው ስም ስጠራ የማልሰስተው። የአይቤክስ፣ በኋላም የሮሃ ባንድ ቤዝ ጆቫኒ ሪኮ። የዋልያስ ባንድ መላኬ ገብሬ። እነዚህን ሁለቱን ባልሰማ ኖሮ ቤዝ አልይዝም ነበር። በልጅነቴ ቤታችን ካሴት ሲከፈት ሁሉም ከዘፋኙ ጋር ያንጎራጉራል። እኔ ግን የቤዙን መንገድ ነበር በአፌ የምከተለው። እናቴ «ምን ያጉረመርምሃል?» ትለኝ ነበር።

ድምጻዊቷ፦ ወደ ጄመርሰን እንመለስ። ስፖንጁ ከእሱ ጋር ምን አገናኘው?

ቤዚስቱ፦ መጀመሪያ መሣሪያውን ልንገርሽ። ጊታር ሠሪው ሊዮ ፌንደር ካሊፎርኒያ ውስጥ ፕሪሲዥን ቤዝ የሚባለውን ኤሌክትሪክ ቤዝ ያወጣው በ1951 ነው። ከዚያ በፊት ቤዝ ማለት ቆመው የሚጫወቱት ትልቁ እንጨት ነበር። ፍሬት፣ ማለትም አንገቱ ላይ የሚደረደረው ቀጭን ብረት፣ የለውም፣ ድምጹን በጆሮ ነው የሚያገኙት። ፌንደር አንገቱ ላይ ፍሬት አደረገለት። ጣትሽን አሳርፈሽ ትክክለኛውን ድምጽ ታገኛለሽ። «ፕሪሲዥን»፣ ትክክለኛነት፣ የተባለውም ለዚሁ ነው። ጄመርሰን ደግሞ የመጣው ከትልቁ እንጨት ነው። ዲትሮይት ትምህርት ቤት እያለ እሱን ነበር የተማረው። ወደ ኤሌክትሪኩ ሲዞር ያንን እጅ ይዞ ዞረ። በቀኝ እጁ የሚነካው በአንድ ጣት ብቻ ነበር፣ በሌባ ጣቱ። ጣቱ ራሱ ስም ወጥቶለታል፣ «መንጠቆው» ይሉት ነበር።

ድምጻዊቷ፦ በአንድ ጣት? ያ ሁሉ ሩጫ?

ቤዚስቱ፦ በአንድ ጣት። የ1962 ፕሪሲዥን ነበረው። ክሩ ፍላትዋውንድ ነው፣ ማለትም ላዩ ለስላሳ የሆነ፣ ወፍራም። እስኪበጠስ አይቀይረውም ነበር። ክሮቹ ከአንገቱ ከፍ ያሉ ናቸው፣ ሌላ ሰው ቢይዘው ጣቱ ይደክማል። በዚያ ላይ ብሪጁን የሚሸፍን የብረት ክዳን አለ፣ ከሥሩም ከፋብሪካው የመጣ ስፖንጅ። ብዙ ሰው ክዳኑንም ስፖንጁንም አውጥቶ ይጥላል። እሱ ተወው። እስቲ ስሚው። ይሄ ያለ ስፖንጅ ነው...

ድምጻዊቷ፦ ረጅም ነው። ይጮኻል፣ ቶሎ አይሞትም።

ቤዚስቱ፦ ይሄ ደግሞ በስፖንጅ።

ድምጻዊቷ፦ እህ! ድም ብሎ ቆመ። ሰው በካልሲ እንጨት ወለል ላይ እንደሚረግጠው።

ቤዚስቱ፦ ዛሬ የመጣሁበት ነገር እሱ ነው። ሰው ስለ ቤዝ ሲያወራ ስለ ድምጹ አጀማመር ነው የሚያወራው። ጉልበቱ፣ ውፍረቱ። እኔ ግን እንደ ሞታውን ባለው ሶል ሙዚቃ ውስጥ ቤዙን ቤዝ የሚያደርገው ድምጹ የሚያበቃበት ቦታ ነው እላለሁ። ድምጹ ሲቆም ክፍተት ይፈጠራል። እዚያ ክፍተት ውስጥ ስኔሩ፣ ያ ጠሽ የሚለው የድራሙ ከበሮ፣ ይገባል፣ ዘፋኙ ይተነፍሳል። ጄመርሰን ብዙ ኖታ ነበር የሚጫወተው፣ ግን ማንንም አይጋፋም። ምክንያቱም እያንዳንዷ ኖታ ሥራዋን ጨርሳ ትወጣለች።

ድምጻዊቷ፦ ይሄን ከዘፋኝ በኩል ልጨምርበት። አማርኛ ውስጥ ጠ፣ ቀ፣ ጨ አሉ። ፈንዳ የሚሉ ፊደሎች። ደግሞ «አለ» እና «አለ» በመጥበቅና በመላላት ብቻ ነው የሚለዩት። ቤዙ ከሥሬ ዝም ብሎ የሚጎተት ከሆነ እነዚያ ይሰምጣሉ። ግጥሙ ሰምና ወርቅ ቢኖረውም ለሰሚው አይደርስም። ቤዙ ሲቆርጥልኝ ግን ቃሉን አስቀምጠዋለሁ። ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው ለዓመታት ከአንዳንድ ቤዚስቶች ጋር መዝፈን የሚቀለኝ።

ቤዚስቱ፦ እንዲህ ነግረሽኝ አታውቂም!

ድምጻዊቷ፦ አሁን ነው የገባኝ። ደግሞ ሌላ ነገር አሳሰበኝ። በገና አስብ። አያቴ ቤት በዐቢይ ጾም ሬዲዮ ላይ በገና ከተከፈተ ወሬ ይቆማል። በገናም ዝቅ ያለ ድምጽ ነው ያለው፣ አሥር አውታር። ግን ያ ዝዝዝ የሚለው ከየት ይመጣል?

ቤዚስቱ፦ ከእንዚራው! አውታሩና አውታሩ የሚያርፍበት በርኩማ መካከል የምትገባ ትንሽ ቆዳ ናት። አውታሩ እሷን እየነካ ይርገበገባል። አስተዋልሽ? የበገና ደርዳሪም እኔም አውታሩ ሥር ለስላሳ ነገር እንከታለን። የእሱ ቆዳ ድምጹን ያስረዝመዋል፣ ያንዘረዝረዋል፣ ምክንያቱም ከአንድ ድምጻዊ ጋር ለጸሎት ነው። የእኔ ስፖንጅ ያሳጥረዋል፣ ምክንያቱም አጠገቤ ድራም፣ ኪቦርድና ሳክስፎን አሉ። በገና እየደረደረ ያደገ ሰው ይሄን ነገር ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል።

ድምጻዊቷ፦ ከአድማጮቻችን አንዱ ቤዝ መግዛት ቢፈልግስ? ከዚህ ሁሉ ምኑን ይያዝ?

ቤዚስቱ፦ ይሄን በራሴ ላይ የደረሰውን ልናገር። የመጀመሪያ ቤዜን ሁለተኛ እጅ ነው የገዛሁት። ያምር ነበር፣ ቀይ። ቤት ወስጄ ስይዘው አንገቱ ተጣሟል። ላይኛው ፍሬት ላይ ስጫወት ክሩ ይንጫጫል። ለወራት የእኔ እጅ ጥፋት ነው ብዬ ስታገል ኖርኩ። የሚያሳየኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ የምትገዙ ሰዎች፦ መጀመሪያ ያለውን ወፍራም ክር አንደኛው ፍሬት ላይ ተጫኑ። በሌላ እጃችሁ አንገቱ ከአካሉ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ተጫኑት። ከዚያ ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት እዩ። ስስ ካርድ የሚያሳልፍ ከሆነ ደህና ነው። ጣት የሚያሳልፍ ከሆነ ወይም ጭራሽ ክፍተት ከሌለ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ አንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት በማጥበቅ ወይም በማላላት ይስተካከላል። ብረቱ የማይዞር ከሆነ ግን ተዉት፣ ቀለሙ አያታላችሁ።

ድምጻዊቷ፦ ፒክአፑስ? አንድ መድረክ ላይ ጀነሬተር ሲነሳ ቤዙ «ህምምም» ብሎ መዝሙር የጀመረበት ቀን ነበር።

ቤዚስቱ፦ ፒክአፕ ማለት ክሩ ሥር ሆኖ እርግብግቡን የሚሰማው የሽቦ ጥቅል ነው። እሱ ሌላ ዓይነት ቤዝ ነበር፣ ፒክአፑ አንድ ጥቅል ብቻ ያለው። ፕሪሲዥን ከ1957 ጀምሮ ፒክአፑ ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ሁለቱን ወፍራም ክሮች ይሰማል፣ ሌላው ሁለቱን ቀጭን። ሁለቱ በተቃራኒ ስለተጠቀለሉ ከመብራቱ የሚመጣው ህምታ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ የክሩ ድምጽ ግን ይቀራል። መብራት በሚዋዥቅበት አገር ለሚጫወት ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ፔዳሉን፣ ትልቁን አምፕ፣ ማለትም ድምጽ ማጉያውን፣ ኋላ ትደርሱበታላችሁ። ጄመርሰን ሞታውን ስቱዲዮ ውስጥ ሲቀዳ አምፕ እንኳን አልነበረውም፣ ኬብሉ በቀጥታ ወደ መቅረጫው ጠረጴዛ ነበር የሚገባው። ቤዝመንት የምትመስል ጠባብ ክፍል ናት። ኬብሉ ከየቦታው ስለሚንጠለጠል «የእባብ ጉድጓድ» ይሏት ነበር።

ድምጻዊቷ፦ አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ያ የዲትሮይት ምት አራት አራት ነው የሚቆጠረው። የእኛ ችክችካ ስድስት ነው። የእሱ ነገር እኛ ጋ ይሠራል?

ቤዚስቱ፦ እንዴታ! ስድስቱን ሁለት ጊዜ በሦስት ከፍዬ መሄድ እችላለሁ፣ ሦስት ጊዜ በሁለት ከፍዬም መሄድ እችላለሁ። ድራመሩ አንዱን ሲይዝ እኔ ሌላውን እይዛለሁ፣ ያኔ ነው ትከሻ የሚነሳው። እዚህ ላይ ኖታዬ ረጅም ከሆነ ሁለቱ አቆጣጠሮች ይደባለቁና ጭቃ ይሆናሉ። አጭር ከሆነ ሁለቱም ይታያሉ። ደግሞ አድማጮች፣ ይሄን በስልክ ስፒከር አትስሙት። የቤዝ ዝቅተኛው ክር በሰከንድ 41 ጊዜ አካባቢ ነው የሚርገበገበው፣ ያቺ ትንሽ ስፒከር አታወጣውም። ማዳመጫ አድርጉ።

ድምጻዊቷ፦ ጄመርሰን መጨረሻው ምን ሆነ?

ቤዚስቱ፦ ሞታውን በ1972 ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። እሱም ተከትሎ ሄደ፣ ግን እዚያ አልተመቸውም። ያ የ1962ቱ ቤዙ ከመሞቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ተሰረቀ። በ1983 ሲሞት ገና 47 ዓመቱ ነበር። ያ ቤዝ ያልተቀየሩትን ክሮች እንደያዘ አንድ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ይኖር ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ድምጻዊቷ፦ ... እስቲ ተጫወትልኝ። ስፖንጁን ሳታወጣ።

ቤዚስቱ፦ ትዝታ ልያዝ?

ድምጻዊቷ፦ ትዝታ ያዝ። ግን ቀስ ብለህ፣ መጀመሪያ አንተን ብቻ ልስማህ። ከየት ነው የምትጀምረው?

ቤዚስቱ፦ ከኢ፣ ከወፍራሟ ክር። ለድምጽሽ ዝቅ ካለ ወደ ጂ አወጣዋለሁ።

ድምጻዊቷ፦ ተወው፣ እዚያው ይሁን። እወርድልሃለሁ።