ንጉሡ ተንበርክኮ ሳለ

እሺ፣ እየቀዳ ነው። ዛሬ ስለ ባጃጁ አላወራም። ቃል ገብቻለሁ።

ያቺ ትዕይንት አልለቀቀችኝም። የሼክስፒር ተውኔት ሐምሌት፣ 3ኛው ገቢር። ፀጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው። ንጉሡ ብቻውን ተንበርክኳል። ወንድሙን ገድሎ ዙፋኑንም ሚስቱንም የወሰደው አጎት። ሐምሌት ከኋላው ይመጣል፣ ሰይፉን ይመዛል። ጠባቂ የለም። ከዚያ ማሰብ ይጀምራል። አሁን ብገድለው፣ እየጸለየ ነውና ገነት ይገባል። አባቴ ግን ሳይናዘዝ፣ ሳይቆርብ ነው የሞተው። ይሄማ ደሞዝ መክፈል እንጂ በቀል አይደለም ይላል። ሰይፉን ይመልሳል።

ክላስ ውስጥ እንዴት ነበር የተማርነው? ከንጉሡ ጋር ውጫዊ ግጭት፣ ከራሱ ጋር ውስጣዊ ግጭት። ፈተና ላይ ይመጣል ተብሎ። እዚች ቦታ ላይ ግን የቱ የት ነው? ጠላትየው ጀርባውን ሰጥቶታል። ፈርቶ ነው እንዳልል ፍርሃት አይመስልም። መግደል አልበቃውም፣ ነፍሱንም ፈለገ። ወይ ደግሞ ሰበብ ነው። እጁ እምቢ ያለው ሰው ከዚህ የተሻለ ሰበብ ከየት ያመጣል?

ዶሮው ጀመረ። ሰማችሁት አይደል? ደግሞ ከሰዓት ነው እኮ!

ሰውየው ደግሞ አልጸለየም! የወሰድኩትን ይዤ እንዴት ይቅር እባላለሁ እያለ ነው የሚሟገተው። ሲነሳም ቃሌ ወደ ላይ ይበራል፣ ሐሳቤ እዚሁ ቀረ ይላል። ሐምሌት ያየው ጀርባውን ብቻ ነው።

ጋሼን ታውቁታላችሁ። የአባዬን ቤት ይዞ አልመልስ ያለው። እሁድ ጊዮርጊስ አየሁት፣ ነጠላውን አጣፍቶ ሲሰግድ። ከኋላው ቆምኩ። ሽማግሌዎቹ ሲመላለሱበት የከረሙትን ነገር እዚያው ልናገረው ነበር። አፌ ላይ ደርሷል። እሱ ይሰግዳል፣ ይነሳል፣ ይሰግዳል። ጉልበቱን ደግሞ ያመዋል። ዝም ብዬ ወጣሁ። በሐይቁ ዳር በእግሬ፣ በዚያ ፀሐይ።

ሌየርቲስ ቢሆን? የእሱንም አባት ሐምሌት ገድሎበታል። ምን ታደርጋለህ ሲባል፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ቢሆን ሐምሌትን አንገቱን እቆርጣለሁ ነው ያለው። እኛ ጋ ደም የሚመልስ እንደዚያ ነው፣ ሰውም ወንድ የሚለው እሱን ነው። ስንቱ ቤት ነው በዚህ... ተዉት፣ ይሄ ራሱን የቻለ ክፍል ነው።

እማዬ «ደግ አደረግሽ» አለችኝ። እንጃ። ቦታውን አክብሬ ነው? ሰው ያየኛል ብዬ ነው? ወይስ እዚያው ይቅርታ ቢጠይቀኝስ ብዬ? ቤቱን ሳይመልስ ይቅርታ ቢለኝ ምን እለዋለሁ? ቢመልስስ? ያኔ ምን ይዤ...

መብራት ሊሄድ ነው መሰለኝ። አይ፣ አለ።

የሚገርመው የሚቀጥለው ትዕይንት ነው። እናቱ ክፍል ገብቶ፣ መጋረጃ ጀርባ ድምፅ ሲሰማ፣ ሳያይ ይወጋል። ያን ሁሉ ያሰበው ልጅ! የሌየርቲስ አባት ፖሎኒየስ ሆኖ ተገኘ። ንጉሡ መስሎኝ ነው ይላል። ንጉሡን ግን አሁን እዚያ ተንበርክኮ ትቶት መምጣቱ ነው እኮ። እና እንዴት ብሎ ነው እሱ የመሰለው...