ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚዘፍነው ድመት

እህም... እህም። እሺ፣ ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቄ ልግባ፣ ዛሬ ከኋላዬ ግርርር የሚለው ነገር ማይኬ ተበላሽቶ አይደለም፣ ፊት ለፊት ያለው ብሎክ ላይ ሴራሚክ እየቆረጡ ነው፣ ሰዓቱም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። የቆያችሁት ታውቃላችሁ፣ እኔ ይሄን ፖድካስት የምቀዳው ሌሊት ነው፣ ቁምሳጥኔን ከፍቼ ጋቢ ተከናንቤ፣ ሰፈሩ ጭጭ ሲልልኝ። ዛሬ ለምን በቀን እንደሆነ እደርስበታለሁ፣ ነገሩ ግን ከአንድ የድሮ ካርቱን ጋር የተያያዘ ነው፣ አትሳቁብኝ።

ካርቱኑ የ1948 ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ዋርነር ብራዘርስ ነው ያወጣው፣ ሰባት ደቂቃ ገደማ ቢሆን ነው፣ ስሙ ባክ አሊ ኦፕሮር ይባላል። የጓሮ ሁካታ እንደማለት ነው፣ ግን ሁካታ የሚለውን ቃላቸውን ትንሽ ጠምዘዝ አድርገው ኦፔራ ኦፔራ እንዲሸት አድርገውታል። ታሪክ ብሎ ነገር የለውም። ኤልመር ፋድ፣ ያ መላጣው፣ ደክሞት ሊተኛ ነው። ሲልቬስተር ደግሞ፣ ያ ምራቁን እየረጨ የሚያወራው ጥቁርና ነጭ ድመት፣ አጥር ላይ ወጥቶ ሊዘፍን ነው። በቃ ይሄው ነው።

ልጅ ሆኜ የአጎቴ ልጆች ቤት በካሴት ነው ያየሁት፣ ከመታየት ብዛት የተበላ ካሴት፣ ምስሉ ላይ ነጭ መስመር እየወረደበት። ያኔ ማንን እንደምደግፍ ጥያቄም አልነበረው፣ ድመቱን ነዋ! ሰውዬው ዕቃ ሲወረውርበት ከልቤ ነበር የምናደደው። ለስምንት ዓመት ልጅ እንቅልፍ ምኑ ነው፣ ቅጣት እኮ ነው፣ ትልልቆቹ ወሬያቸው ሲጥም ጠብቀው አንቺ ሂጂ ተኚ የሚሉሽ ነገር።

እና ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ እኛ ግቢ የኮሚናሉ ቆርቆሮ ላይ ድመቶች ጀመሩ። የድመት ጩኸት ታውቁታላችሁ አይደል፣ መጀመሪያ ሕፃን የሚያለቅስ ይመስልና ልባችሁ ድንግጥ ይላል፣ ከዛ አንድ ወፍራም ድምፅ ከታች ይገባበታል፣ ከዛ ሦስተኛው፣ ከዛ ቆርቆሮው ራሱ ከበሮ ይሆናል። ስልኬን ሳይ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጠዋት ደግሞ ሰርቪስ አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው። ተነሳሁ፣ በረንዳውን ከፈትኩ፣ ክፍ ክፍ አልኩ፣ ማን ሰምቶኝ፣ ከዛ እጄ የነጠላ ጫማዬን አንዱን እግር አንስቶ ወረወረው። እጄ ነው ያልኩት፣ እኔማ አላሰብኩበትም። ቆርቆሮው ጋ እንኳን አልደረሰም፣ ጨለማው ውስጥ የሆነ ቦታ ቀረ። ድመቶቹ ሁለት ሰከንድ ዝም አሉና ካቆሙበት ቀጠሉ። በአንድ እግር ጫማ በረንዳ ላይ ቆሜ ያ መላጣ ሰውዬ ትዝ አለኝ።

እንቅልፉ እንደሆነ ሄዷል፣ ስልኬ ላይ ፈልጌ አየሁት። ከዛ ደግሜ አየሁት።

መጀመሪያ የገረመኝ የድመቱ ዝግጅት ነው። ሲልቬስተር ዝም ብሎ ሚያው አይልም። የኖታ ማስቀመጫ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ ከዛ ሮሲኒን ይጀምራል፣ የሴቪሊያው ፀጉር አስተካካይ ከሚባለው ኦፔራ ላይ ያንን ፊጋሮ ፊጋሮ የሚባልበትን። ሰውዬው ይወረውራል፣ ድመቱ ቦታ ይቀይራል፣ ግን አይሄድም። ሌላ ስንት አጥር እያለ ፊቱ ወደዛው መስኮት ነው።

ከዛ ቦት ጫማው ይመጣል። ትልቅ ቦት ጫማ አድርጎ ደረጃው ላይ እየወጣ እየወረደ ይረግጣል፣ የሚረግጠው ደግሞ ሊስት የሚባለው ሙዚቀኛ ለፒያኖ የጻፈውን ሁለተኛውን የሀንጋሪ ራፕሶዲ ነው፣ እያንዳንዷ ኮቴ ምቷ ላይ ታርፋለች። እዚች ጋ ስንት ጊዜ ወደኋላ እንደመለስኩ አትጠይቁኝ። ዳይሬክተሩ ፍሪዝ ፍሬሌንግ እንቅስቃሴውን የሚያሰላው በሙዚቃ ወረቀት ላይ ነበር፣ ማለትም እግሩ መሬት የሚነካባት ፍሬም፣ አንዷ ምስል፣ ከምቱ ጋር ቀድማ ተገጥማለች ማለት ነው፣ በሰከንድ 24 ፍሬም ስታስቡት ሁለት ሦስቷ ከዘገየች ቀልዱ አለቀለት። ሙዚቃውን የሰራው ካርል ስታሊንግ ደግሞ በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ካንሳስ ሲቲ ሲኒማ ቤት ውስጥ ኦርጋን ይጫወት የነበረ ሰው ነው፣ ዓይኑ ምስል ላይ፣ እጁ ኦርጋን ላይ።

በነገራችን ላይ ይቺ የሊስት ሙዚቃ ጣጣ ያላት ናት። ፍሬሌንግ 1946 ላይ ጥንቸሉን ባግስ በኒን ፒያኖ ላይ አስቀምጦ በዚችው ሙዚቃ ካርቱን ሰርቷል፣ በዛው ሰሞን ተፎካካሪዎቻቸው ኤምጂኤሞች ደግሞ የቶምና ጄሪውን ድመት ቶምን ፒያኖ ላይ አስቀምጠው በዚችው ሙዚቃ ብቅ አሉ፣ ሰረቃችሁን፣ የለም እናንተ ናችሁ የሰረቃችሁን ተባባሉ፣ ኦስካሩን የቶም ወሰደው። እና ፍሬሌንግ በ1948 ያችኑ ሙዚቃ ለድመት ቦት ጫማ ሲሰጣት እኔ ትንሽ ቂም ቂም ይሸተኛል። የራሴ ግምት ነው።

ደሞ አንድ ፈዘዝ ያለ ብርቱካናማ ድመት አለ፣ ፊቱን ስታዩት ስሙን የሚያውቅ አይመስልም፣ አፉን ሲከፍት ግን የሚወጣው ሶፕራኖ፣ ቀጭኑ የሴት ድምፅ ነው፣ የምር የሚያምር። እንቅልፍ ላጣ ሰው ግን ማማሩ ምን ያደርግለታል።

ያልለቀቀኝ መጨረሻው ነው። ፍንዳታ አለ፣ ሁለቱም ይሞታሉ። ኤልመር ክንፍ አውጥቶ ደመና ላይ ተቀምጦ እፎይ፣ አሁን እንኳን አረፍኩ ሲል ዘፈን ይሰማል። ድመት ዘጠኝ ነፍስ አላት ይባል የለ፣ ዘጠኙም ነፍሶች ቁጥር ቁጥራቸውን ይዘው እየወጡ ዶኒዜቲን ይዘፍናሉ፣ ሉቺያ ዲ ላመርሙር ከሚባለው የ1835 ኦፔራ፣ ለስድስት ሰው የተጻፈውን እነሱ ዘጠኝ ሆነው። ሰውዬው ከደመናው ዘሎ ወረደ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ እንላለን እኛ፣ ይሄኛውማ ሞቶም አልረሳ።

እና ካርቱኑ ራሱ የመጀመሪያ ነፍሱ ላይ አይደለም። ፍሬሌንግ ይሄንኑ ታሪክ 1941 ላይ በጥቁርና ነጭ ሰርቶት ነበር፣ መተኛት የሚፈልገው አሳማው ፖርኪ ነው፣ እዛ የሚሞተው ድመቱ ብቻ ነው፣ ዘጠኙ ነፍሶች እዛም ይመጣሉ። እኔ የሁለተኛው ይበልጥብኛል፣ ጨካኝ ነው ግን ይበልጥብኛል፣ ሰውዬው ሞቶ እንኳን አልተኛማ።

እሺ፣ ወደ ጫማዬ። ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። እማማ ናቸው፣ ከኛ በታች ያለው ቤት የሚኖሩት፣ ነጠላ ጫማዬን በሁለት ጣት አንጠልጥለው። ልብስ ማስጫቸው ላይ ነው የወደቀው፣ ነጭ ነጠላቸው ላይ። "ይሄ ያንቺ ነው ልጄ?" አሉኝ። አፈርኩ። "ይቅርታ እማማ፣ ድመቶቹ አላስተኛ ብለውኝ ነው" አልኩ። ዝም ብለው አዩኝ አዩኝና፣ "ድመቱስ ድመት ነው፣ ምን ይደረጋል። አንቺ ግን ሌሊት ሌሊት ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

ሁለት ዓመት ሙሉ! ማክሰኞ ማክሰኞ ሌሊት! አንድ ቀን ተናግረውኝ አያውቁም እኮ። "ለምን አልነገሩኝም?" ስላቸው፣ "ውጭ አገር ባል አላት ብዬ ነዋ፣ ሰዓቱ አይገጥምላቸውም ብዬ፣ ትዳር አላፈርስም" አሉኝ።

በሩን ዘግቼ ቁምሳጥኑን አየሁት፣ ጋቢዬ እንደተሰቀለ ነው። ከመጀመሬ በፊት ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ እኮ እኔም፣ ቅድም ሰምታችሁኛል። ማይክ ማቆሚያዬ ደሞ ያንን የኖታ ማስቀመጫ ቁርጥ። ሌሊት ያንን ካርቱን ሳይ ከኤልመር ጋር አብሬ ስቃጠል ነበር፣ ለካ ለእማማ አጥሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ካርቱኑን ሦስተኛ ጊዜ ሳየው ድመቱ የሚፈልገው ሰውዬውን መተናኮል ብቻ አልመስል አለኝ፣ መስኮቱ መብራት አለው፣ የሚሰማ ሰው አለ፣ የተወረወረ ጫማም ቢሆን ለሱ መልስ ነው። ቦት ጫማውን ግን አልከራከርለትም፣ እሱ ንጹህ እልህ ነው።

ባለፈው እሁድ ቡና ጠሩኝ። ካርቱኑን በስልኬ አሳየኋቸው፣ መነጽራቸውን አድርገው። ሰውዬው ሲወረውር አልሳቁም። ቦት ጫማው ላይ "ይሄስ ሆን ብሎ ነው" አሉ፣ እኔን በጎን አይተው። መጨረሻው ላይ ግን ቁጥሮቹን በጣታቸው እየተከተሉ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ "ኧረ ዘጠኝ!" ብለው ከት ብለው ሳቁና አማተቡ፣ "በሰማይም እንቅልፍ የለም እንዴ?"

ከዛ "ያንቺንስ መቼ ነው የምታሰሚኝ? ከላይ እም እም እም ሲል ነው እንጂ ቃሉ አይለይልኝም" አሉኝ። የመጀመሪያውን ኤፒሶድ ከፈትኩላቸው። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አላስቀመጡትም፣ እንደሚደወል ሰው ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ ሲኒያቸውን በሌላ እጃቸው ይዘው፣ አልፎ አልፎ እ... እ... እያሉ አዳመጡ፣ አቦሉ እጃቸው ላይ ቀዘቀዘ። አራት ደቂቃ ያህል ሲሄድ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈን አደረጉና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ሰውዬው ግን ምንም አይመልስልሽም?" አሉኝ።

በሉ፣ ማክሰኞ በቀን እንገናኝ፣ ከነሴራሚኩ። ቻው።