ሃውስ ኦፍ ዘ ድራገን፦ ምስክር የሌለው ኑዛዜ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! ዛሬ ሃውስ ኦፍ ዘ ድራገን ነው፣ ከጌም ኦፍ ትሮንስ በፊት ስለነበረው ዘመን የሚተርከው ተከታታይ ድራማ። ጌም ኦፍ ትሮንስን ጨርሳችኋል ብዬ ነው የምነሳው። ካልጨረሳችሁ ቪዲዮውን አቁሙትና ሂዱ። 73 ክፍል ብቻ ነው፣ እንጠብቃችኋለን።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት፣ ሁሌ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። «ጆን ስኖው መቼ ነው የሚመጣው?» የትሮንሱ ጀግና እዚህ አይመጣም። ወገን፣ አይመጣም! «ያቺ ነጭ ፀጉሯስ? ዴኔሪስ አይደለችም እንዴ?» አይደለችም፣ ዴኔሪስ የትሮንስ ናት፤ ይቺ የዚህኛው ድራማ ልዕልት ሬኒራ ናት። ነጭ ፀጉር የታርጋሪያኖች፣ የሁለቱም ቤተሰብ፣ የዘር ነገር ነው። የመጀመሪያው ክፍል መግቢያ ላይ እኮ በትልቁ ተጽፏል፦ ዴኔሪስ ከመወለዷ 172 ዓመት በፊት። መቶ ሰባ ሁለት! ጆን ስኖው አይደለም፣ አያቱም አልተወለደም። የትሮንስ 9ኛ ሲዝን ነው ብላችሁ ከከፈታችሁት ትናደዳላችሁ።

ትሮንስ ላይ አንዱ ቦታ ሲሰለቻችሁ ወደ ሌላው ትሄዳላችሁ። ከበረዶ ወደ በረሃ። እዚህ ማምለጫ የለም። አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ዙፋን።

እኔን ብትጠይቁኝ ይሄ የውርስ ክስ ነው። ቆይ ላስረዳችሁ። አባት አለ፣ ንጉሥ ቪሴሪስ። ሚስቱ ትሞታለች። አንዲት ሴት ልጅ አለችው፣ ሬኒራ። ትልልቅ ሰዎች ሰብስቦ «ቤቴ የእሷ ነው» ይላል። ሁሉም ይምላል። ጥሩ። ከዚያስ? ድጋሚ ያገባል። ማንን? የልጁን ጓደኛ አሊሰንትን! ወንድ ልጅ ይወለዳል፣ ኤጎን። ዘመድ መንሾካሾክ ይጀምራል፦ «ወንድ እያለ ቤቱ ለሴት?» አባት ዝም። ጭራሽ አንድ ማዕድ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ከዚያ ይታመማል። አንድ ሌሊት ማስታገሻ ጠጥቶ፣ ናላው ዞሮ፣ የሆነ ነገር ያጉተመትማል። አጠገቡ ያለችው ሚስቱ ብቻ ናት። ሲነጋ የለም። እሷም «ሐሳቡን ቀይሯል፣ ለልጄ ብሏል» ትላለች። በእኛ አገር ሕግ እንኳ የቃል ኑዛዜ ሁለት ምስክር ይፈልጋል!

የሚገርመው ደግሞ አሊሰንት አልዋሸችም። ንጉሥ ቪሴሪስ ከሬኒራ ጋር የሚያወራ መስሎት፣ ስለ ሌላ ኤጎን፣ ስለ ጥንቱ ንጉሥ ሕልም ነበር የሚናገረው። እሷ የሰማችው የልጇን ስም ነው። አባቷና ምክር ቤቱ ለካ ሳይነግሯት ቀድመው ሲዶልቱ ኖረዋል። እና እዚህ ቤት ወራሾቹ ጠበቃ አይቀጥሩም። ዘንዶ አላቸው።

አሁን ቶሎ ቶሎ ልበል። ትሮንስ የመጣው ከልብ ወለድ ነው፤ እያንዳንዱ ምዕራፍ በአንድ ሰው ዓይን ይታያል። ይሄኛው የመጣው በ2018 ከወጣው ፋየር ኤንድ ብለድ ነው፤ እንደ ዜና መዋዕል የተጻፈ፣ ምንጮቹ እርስ በርስ የማይስማሙበት መጽሐፍ። አንዱ ምንጭ እንዲያውም የቤተ መንግሥት አጫዋች ነው። ድራማው በዚህ ክፍተት ገባ። የሴቶቹን የልጅነት ጓደኝነት የፈጠረው ራሱ ድራማው ነው፤ መጽሐፉ ላይ አሊሰንት በ9 ዓመት ትበልጣለች። ዘመን መዝለሉም ከዚያው የመጣ ነው። 6ኛው ክፍል ላይ 10 ዓመት ይዘላል፣ ተዋናዮቹ ይቀየራሉ። አትደንግጡ፣ ሌላ ፊልም አልከፈታችሁም።

ቅር የሚለኝ አለ። ሳቅ የለበትም፤ የትሮንሱ ቀልደኛ ቲሪዮን ይናፍቃል። ሁለተኛው ሲዝንም ጦሩ ሊገጥም ሲል በ8 ክፍል አለቀ። ግን ቪሴሪስ ፊቱ ግማሹ ጠፍቶ፣ እየተንገዳገደ ወደ ዙፋኑ የሚሄድበትን ትዕይንት የሚያክል ትሮንስ ላይ አለ የምትል ካለህ ና፣ እንከራከር። ሰብስክራይብ ሳታደርግ ግን አትከራከረኝ።