ከመንገድ የተነሣች ውሻ እርጉዝ መሆኗ በምን ይታወቃል?

ክቡራንና ክቡራት፣ ውሾችን ከመንገድ እያነሣችሁ በግቢያችሁ የምታስጠጉ የጎንደር ነዋሪዎች፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎችና ተማሪዎች፤ እንደምን አደራችሁ!

ከፒያሳ ሥጋ ቤት ደጃፍ ወይም ከአዘዞ መንገድ ዳር የተነሣች ሴት ውሻ መቼ ከወንድ እንደተገናኘች የሚነግረን ሰው የለም። ስለዚህ አደራ የምላችሁ፣ አለማርገዟ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ እርጉዝ ያዟት። የመጣችበትን ቀን ጻፉ፤ ከወንድ ውሾችም ለዩዋት። የውሻ እርግዝና በአማካይ 63 ቀን ነው። ከተገናኘችበት ቀን ሲቆጠር ግን ከ57 እስከ 72 ቀን ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም የወንዱ ዘር በማህፀኗ ውስጥ ለቀናት በሕይወት ይቆያል፣ እንቁላሏም ወዲያው አይበስልም። ወንድ ሳይደርስባት 72 ቀን ካለፈና ካልወለደች፣ እርጉዝ ሆና አልመጣችም ማለት ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሆዷን ነው፤ ሆድ ግን ያታልላል። በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ የመንገድ ውሾች ይከሳሉ፤ በወስፋት የተወረረች ከሲታ ውሻ ደግሞ ሆዷ ተነፍቶ ይታያል። የጎን አጥንቷ እየተቆጠረ፣ ጸጉሯ ደብዝዞ ሆዷ ብቻ ከጎላ፣ አስቀድማችሁ ትልን ጠርጥሩ። በሌላ በኩል አንድ ወይም ሁለት ቡችላ ብቻ የያዘች ውሻ እስከ መጨረሻው ድረስ ሆዷ ላያስታውቅ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት ከውጭ የሚታይ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሆዷን በጣታችሁ እየጫናችሁ ቡችላ አትፈልጉ፤ እሱ የሐኪም ሥራ ነው።

ከሆድ ይልቅ ጡቷን እዩ። ወደ 30ኛው ቀን ገደማ የጡቶቿ ጫፎች ይቀላሉ፣ ያብጣሉ፤ በዙሪያቸው ያለው ጸጉርም ይሳሳል። ከዚህ በፊት የወለደች ውሻ ጡቷ ምንጊዜም የረዘመና የተንጠለጠለ ስለሆነ ርዝመቱ ምስክር አይሆንም። ከሥሩ ያለው ሥጋ እየሞላ መሆኑን ተመልከቱ።

ወተት ካለ ደግሞ ነገሩ አስቸኳይ ይሆናል። ልትወልድ ቀርባ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ወልዳ ቡችሎቿ በተነሣችበት ቦታ ቀርተው ይሆናል። በዚያው ቀን ተመልሳችሁ ቱቦውን፣ የድንጋይ ካቡን፣ የፈረሰውን አጥር ፈትሹ፤ አዲስ የተወለደ ቡችላ የራሱን ሙቀት መጠበቅ ስለማይችል በጎንደር የሌሊት ብርድ ፈጥኖ ይሞታል። ሦስተኛው የሐሰት እርግዝና ነው፦ ወንድ የመፈለጊያ ጊዜዋ ካለፈ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ሆርሞኗ ሲለዋወጥ ጡቷ ያብጣል፣ ትቆፍራለች፣ ጨርቅ ትሰበስባለች፣ ጫማ እንደ ልጇ ትጠብቃለች። እንዲህ ሲሆን ጡቷን አትለቡ፤ በታለበ ቁጥር ወተቱ ይጨምራል።

በዚያው ወቅት የሚመጣና ሊገድል የሚችል በሽታም አለ፤ የማህፀን መግል። ውሃ አብዝታ ትጠጣለች፣ ምግብ ትተዋለች፣ ታስታውካለች፤ ከብልቷ የሚሸት መግል ይወጣል። የማህፀኗ በር ከተዘጋ ግን ምንም ሳይፈስ ሆዷ ብቻ ያብጣል፤ የከፋውም እሱ ነው። ደም ብቻ እየተንጠባጠበ ሳምንታት ከቆየ ደግሞ በግንኙነት የሚተላለፍ ዕጢ ሊሆን ይችላልና ትመርመር።

ለማረጋገጥ አልትራሳውንድ ከሁሉ ይሻላል፤ ከ25ኛው እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ የቡችሎቹ ልብ ሲመታ ያሳያል። ቀኗን ስለማናውቅ፣ የመጀመሪያው ምርመራ «የለም» ካለ ከ3 እስከ 4 ሳምንት በኋላ ይደገም። የቡችሎቹን ቁጥር ለማወቅ ከ55ኛው ቀን በኋላ ራጅ ይነሣል። ከፋርማሲ የሚገዛው የሴቶች የሽንት መመርመሪያ ግን በውሻ አይሠራም፤ የሚፈልገውን ሆርሞን ውሻ አታመነጭም።

ከመንካታችሁ በፊት አፏን እሰሩ፤ የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን አለና። ከነከሰቻችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ ወዲያው ጤና ተቋም ሂዱ።

ምግቧን ከመጀመሪያው አትደርቡ። ከ6ኛው ሳምንት ጀምሮ ቀስ በቀስ ጨምሩ፤ ሆዷ ሲጠብ ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ስጧት። የወጥ ትራፊ አትስጡ፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል። ሳንባና ጉበት ሳይቀቀል አይሰጥ። የካልሲየም ክኒንም ሐኪም ካላዘዘ ይቅር፤ ከወሊድ በፊት ሲሰጥ ሰውነቷ ካልሲየምን ከአጥንቷ ማውጣቱን ይቀንስና ስታጠባ ለመንቀጥቀጥ ያጋልጣታል። የቴትራሳይክሊን ዘር የሆኑ መድኃኒቶች የቡችሎቹን ጥርስና አጥንት ይጎዳሉ። የትል መድኃኒት ግን ያስፈልጋታል፤ ወስፋት በማህፀንም በወተትም ስለሚተላለፍ ሐኪም በክብደቷ ልክ ያዝላት።

መውለጃዋ ሲቃረብ በቀን ሁለቴ ሙቀቷን ለኩ። ከ37.5 ዲግሪ በታች ከወረደ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ምጥ ይጀምራል። ከነፋስ የተከለለ፣ ደረቅ ጭድና ንጹሕ ጨርቅ ያለበት ቦታ አዘጋጁላት። አጥብቃ 30 ደቂቃ አምጣ ቡችላ ካልወጣ፣ ቡችላ በሆዷ ቀርቶ ከ2 ሰዓት በላይ ካረፈች፣ ወይም አንድም ቡችላ ሳይወለድ አረንጓዴ ፈሳሽ ከታየ፣ የእንግዴ ልጁ እየተላቀቀ ሊሆን ይችላልና እስኪነጋ አትጠብቁ፤ የሐኪሙን ስልክ አስቀድማችሁ ያዙ፣ የሚያደርሳችሁን ባጃጅም በዚያው ሰሞን ተነጋግራችሁ አቆዩ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።