ሳንቲሙን ገልብጡት

እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራላችሁም ስለ ዝገት ነው። ማለቴ፣ እዚህ እንግሊዝ አገር ከእርሻ መሬት ስለሚወጡት የሮማውያን የነሐስ ሳንቲሞች።

አንዳንዶቻችሁ ታውቃላችሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ትንሽ ሙዚየም ውስጥ በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። ወርቁና ብሩ የባለሙያዎቹ ነው። ለእኔ የሚደርሰኝ ማንም የማይሻማበት ትሪ ነው፤ የጣት ጥፍር የሚያክሉ፣ አረንጓዴና ጥቁር የለበሱ ክብ ነገሮች የሞሉበት። ብረት ጠቋሚ መሣሪያ ይዘው ማሳ ለማሳ የሚዞሩ ሰዎች ናቸው የሚያመጧቸው። ጥያቄያቸውም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ይሄ ማነው?»

አይፈረድባቸውም። የምኒልክን ብር ያየ ሰው ምኒልክን ይለያል፤ ገንዘብ ላይ ፊት ካለ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያው ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሮማ ሳንቲም ላይ ግን ፊት ብዙም አይረዳም። ታላቁ ቆስጠንጢኖስና ልጆቹ በእነዚህ ትንንሽ ሳንቲሞች ላይ የአንድ ሰው ቅጂ ይመስላሉ፤ ያው ቀጥ ያለ አፍንጫ፣ ያው ወፍራም አንገት፣ ያው ጉንጉን። የሳንቲሙን ሥዕል የቀረጹት ሰዎች ንጉሣቸውን በአካል አይተውት ያውቃሉ ብዬ አላምንም። ስሙ ዙሪያውን ተጽፏል፣ ልክ ነው። ግን ቀድሞ የሚበላው ጠርዙ ነው።

ስለዚህ ገልብጡት። ጀርባው ላይ ፊደሉ ቢጠፋ እንኳ የሥዕሉ ቅርጽ ይቀራል። ሁለት ወታደሮች ፊት ለፊት ቆመዋል እንበል። በመካከላቸው የተተከለውን የጦር ዓርማ ቁጠሩ። ሁለት ከሆነ ሳንቲሙ የተመታው ከ330 እስከ 335 ባለው ጊዜ ነው፤ አንድ ብቻ ከሆነ ከ335 እስከ 341። በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። ሳንቲሙም በዚያው ልክ አንሷል፣ ቀሏል። ተኩላ ሁለት ሕፃናት ስታጠባ ካያችሁ ደግሞ በፊት ገጹ ላይ ንጉሥ ፍለጋ አትድከሙ፤ የለም። የራስ ቁር የደፋችው ሮማ ራሷ ናት፣ ከተማዋ በሴት ተመስላ። ወታደር ከፈረሱ የሚወድቀውን ጠላት በጦር ሲወጋ ከሆነ ከ348 ወዲህ ነው። እዚህ ብሪታንያ ውስጥ ግን ይህ የፈረሰኛ ሥዕል በብዛት በአስመሳዮች ተመትቷል፤ ፈረሱ ፈረስ የማይመስልበት፣ ፊደሉ ዝም ብሎ ጭረት የሆነበት አለ። እውነቱን ለመናገር እኔ ከትክክለኛዎቹ ይልቅ እነዚህን ነው የምወዳቸው። ዝርዝር ገንዘብ ሲጠፋ ገበያ አይቆምማ!

ከሥዕሉ በታች አንዲት መስመር አለች። ከመስመሯ ሥር ያሉት ፊደላት የተመታበትን ከተማ ይናገራሉ። ቲ እና አር ካያችሁ ትሪየር ናት፣ ዛሬ ጀርመን ውስጥ ያለችው። ፒ፣ ኤል፣ ኤን ከሆነ ለንደን፤ የለንደኑ ግን በ325 ገደማ ተዘግቷል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሳንቲሙ ሳይታጠብ ከመጣ ነው። ባለፈው አንድ አዛውንት እንደ አዲስ የሚያብረቀርቅ ሳንቲም ይዘው መጡ። ኮምጣጤ ውስጥ አሳድረውት፣ በብሩሽ ፈትገውት። እናቶቻችን የነሐስ ዕቃ በሎሚና በአመድ ሲያሹ ያየ ሰው እሳቸውን ለመውቀስ ይከብደዋል። ግን ከ1,600 ዓመት በላይ መሬት ውስጥ በቆየ ነሐስ ላይ ሥዕሉን ይዞ የሚገኘው ራሱ ዝገቱ ነው። አሲድ ዝገቱን ሲያነሳ ሥዕሉንም አብሮ ይወስዳል። ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት የሚያበቅል ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ያ በሽታው ነው፣ ቶሎ ለባለሙያ መስጠት ነው።

ከስሙ በላይ እኔ የምጠይቀው የት እንደተገኘ ነው። በ2010 እዚሁ እንግሊዝ፣ ሳመርሴት ውስጥ፣ ፍሩም ከተማ አጠገብ፣ አንድ ሰው መሣሪያው ጮኾለት መቆፈር ጀመረ። ማሰሮ መሆኑን ሲያይ እጁን ሰብስቦ የአርኪዮሎጂ ሰዎችን ጠራ። 52,503 ሳንቲም፣ ወደ 160 ኪሎ! ባለሙያዎቹ በንብርብር እየለዩ አወጡት። በዚህ ምክንያት ነው ከመጨረሻዎቹ ሳንቲሞች፣ በ286 ብሪታንያን ይዞ ራሱን ካነገሠው ከካራውሲየስ ዘመን ካሉት፣ ብዙዎቹ ከማሰሮው አናት ሳይሆን ዝቅ ብለው መገኘታቸው የታወቀው። ቀስ በቀስ የተጠራቀመ ቁጠባ ቢሆን አዲሱ ከላይ በሆነ ነበር። ማሰሮው ራሱ ያን ሁሉ ክብደት ተሸክሞ ሊነሳ የሚችል አልነበረም፤ መጀመሪያ ተቀብሮ ነው የተሞላው። ለአማልክት የተሰጠ ስጦታ ሊሆን ይችላል ያሉት ከዚህ ተነስተው ነው። ሰውዬው በአካፋ ዝቆት ቢሆን ኖሮ ሳንቲሞቹ ይኖሩን ነበር፤ ይህ ታሪክ ግን አይኖረንም።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ፣ ምክንያቱም በሄድኩበት ሁሉ ይከተለኛል። በ350 ሲስኪያ በምትባል ከተማ፣ ዛሬ ክሮኤሺያ ውስጥ፣ ቬትራኒዮ የተባለ ንጉሥ ባሳተመው የነሐስ ሳንቲም ላይ «በዚህ ምልክት ድል ታደርጋለህ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከቆስጠንጢኖስ ጋር የተያያዘው ቃል ነው። ከዚያ በኋላ አክሱም ውስጥ፣ ስሙ ያለ አናባቢ «መሐደየሰ» ተብሎ የተጻፈ ንጉሥ በራሱ ነሐስ ላይ «በዝ መስቀል ትመውእ» አስጻፈ። በግዕዝ! የአክሱም የወርቅ ሳንቲም በአብዛኛው በግሪክኛ ነበር፤ ለባሕር ማዶ ነጋዴ። ነሐሱ ግን ለአገሬው ገበያ ነው። ያንን ሳንቲም በሥዕል ብቻ ነው የማውቀው። ትሪዬ ላይ አንድ ቀን ይመጣል ብዬ አልጠብቅም፤ ከዚህ ከእንግሊዝ፣ ከዴቨን ማሳ ቢወጣም መጀመሪያ የምጠረጥረው ያመጣውን ሰው ነው።

ፎቶ ለምትልኩልኝ፦ ሁለቱንም ገጽ አንሱ፣ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጡ፣ ክብደቱንም ጻፉልኝ። ኢትዮጵያ ያላችሁ ደግሞ፣ አክሱም አካባቢ ከዝናብ በኋላ መሬት ላይ ያገኛችሁትን ለእኔ ሳይሆን መጀመሪያ ለቅርስ ባለሥልጣን አሳዩ፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ያዛል። ዋጋውን ግን ማንም እንዳይጠይቀኝ። አልመልስም።