ፒንቦል፦ የብረት ኳሷን ፍለጋ

[ምስል፦ ቡራዩ፣ አሸዋ ሜዳ። መንገድ ዳር ሸራ ሥር የቆመ ጆተኒ፣ ዙሪያውን ልጆች።]

ሰላም ሰላም! ጆተኒ የማያውቅ ተመልካች ያለኝ አይመስለኝም። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ፈረንጅ ዘመዱ ነው፤ ስለ ፒንቦል። በሱ ያደጉ ሰዎች ጸጉራቸው ከሸበተ በኋላም ከአገር አገር እየዞሩ የድሮ ማሽኖችን ይፈልጋሉ። ለምን?

[ምስል፦ የማሽኑ ፊት።]

ነገሩ ቀላል ነው። ጠረጴዛው ወደ ተጫዋቹ ትንሽ ዘቅዝቋል፣ ላዩ መስታወት ነው። 80 ግራም የምትሆን የብረት ኳስ ተስፈንጥራ ትወጣና እየተላተመች ትወርዳለች። እንዳታመልጣችሁ በሁለቱ ክንዶች፣ በፍሊፐሮቹ፣ መልሳችሁ ትመቷታላችሁ።

ፍሊፐር የመጣው በ1947 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)፣ የቺካጎው ጎትሊብ በሠራው ሀምፕቲ ደምፕቲ በተባለ ማሽን። ከዚያ በፊት ኳሷ አንዴ ከሄደች ማሽኑን ከመነቅነቅ በቀር ብዙም የሚደረግ ነገር የለም፤ ለዚህም ነው ኒውዮርክ በ1942 ቁማር ነው ብላ የከለከለችው። እገዳው የተነሳው በ1976 ነው። ሮጀር ሻርፕ የሚባል ሰው የከተማው ምክር ቤት አባላት ፊት ቆሞ፣ ኳሷ በየት እንደምታልፍ አስቀድሞ ተናግሮ፣ ባለው መስመር አሳለፋት። በጣም የምወደው ታሪክ ነው!

[ምስል፦ ማሽኑ ተከፍቶ፣ ሽቦዎቹ በቅርብ።]

አሁን ውስጡን እዩት። ቁልፉን ስትጫኑ ኤሌክትሪክ በወፍራሙ ጥቅል ሽቦ ያልፍና ብረቱን በኃይል ይስበዋል፤ ክንዱ ጫፍ ሲደርስ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ትከፈትና ሥራውን ለቀጭኑ ሽቦ ታስረክባለች፣ አለበለዚያ ጥቅሉ ይቃጠላል። ያቺን እዚህ ጋ የተንጠለጠለች ብረት አያችኋት? ዙሪያዋን ቀለበት አለ። ጆተኒ ላይ ሊሸነፍ ሲል ጠረጴዛውን የሚያነሳ ልጅ አለ አይደል፣ ሁሉም የሚጮህበት? እዚህ ጯሂ አያስፈልግም። አብዝታችሁ ከነቀነቃችሁ ብረቷ ቀለበቱን ትነካለች፣ ፍሊፐሮቹ ቀጥ ይላሉ፣ ኳሷም ሄደች።

የድሮዎቹ ድምፅ ደግሞ ከስፒከር አይወጣም። ነጥብ ስታገቡ እውነተኛ መዶሻ እውነተኛ ብረት ይመታል። በስልክ ጌም ይሄ አይገኝም፣ ሰዉም የሚናፍቀው ይህንኑ ይመስለኛል።

ስለዚህ ጥሩ ጥሩዎቹ ስብስቦች "አትንኩ" አይሉም። በካሊፎርኒያ አላሜዳ፣ በቡዳፔስት፣ በላስ ቬጋስ ያሉት ሙዚየሞች ማሽኖቹን እየጠገኑ ያጫውታሉ። ትክክል ናቸው፤ ዝም ብሎ የቆመ ማሽን ጎማው ደርቆ፣ መገናኛዎቹ ቆሽሸው ዕቃ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ላስ ቬጋስ እንግዲህ ሀበሻ የሞላበት ከተማ ነው። ዘመድ ጋ ከሄዳችሁ ፒንቦል ሆል ኦፍ ፌም ውሰዱኝ በሉ። ሳንቲም ያዙ። አዲሶቹ ባለ ስክሪኖች ያብለጨልጫሉ፣ እናንተ ግን መጀመሪያ ነጥባቸው በሚሽከረከር ቁጥር የሚቆጠረው አሮጌዎቹ ጋ ሂዱ።