ቀለም የተቀባ ካላንደር ወይስ የተሰቀለ ቀሚስ? የትኛው ነው ያንተ?

ሄኖክ፦ ጤና ይስጥልን፣ ዛሬም ከቱሉ ዲምቱ ነን። ርዕሳችን የጊዜ አጠቃቀም ነው። «ጊዜ ወርቅ ነው» ልንላችሁ አይደለም፤ እሱን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሰምታችሁታል። ዘዴው ብዙ ነው። ከእናንተ አስተሳሰብ ጋር የሚሄደው የትኛው ነው? እኔ አራት መርጬ መጥቻለሁ።

ቤቲ፦ አራት? ሰው እኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ነው የሚሰማን።

ሄኖክ፦ የእኛ ሰፈር ሰልፍ ከሆነ አራቱም ያልቃሉ።

ቤቲ፦ [ሳቅ] እሺ። ግን መጀመሪያ የላይኛዋን ጎረቤቴን ነገር ልንገርህ።

ሄኖክ፦ ርዕሱን ሳልጀምር?

ቤቲ፦ ርዕሱ እሳቸው ናቸው። እኛ ሕንፃ ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነው። ቀኑ ይታወቃል፣ ሰዓቱ ግን የእግዜር ነው። እና እትዬ ምን ያደርጋሉ? ቡና ያፈላሉ።

ሄኖክ፦ በሌሊት?

ቤቲ፦ በሌሊት! «ታዲያ እንቅልፍ ይዞን ውሃው ጥሎን ይሂድ?» ነው መልሳቸው። ቧንቧው አየር መትፋት ሲጀምር ጀበናው ይጣዳል። አቦል ላይ በርሜሉ፣ ቶና ላይ ጀሪካኖቹ፣ በረካ ላይ ባልዲውና ሳፋው። ሰዓት የሚያይ የለም። እኔ ስልኬን ካወጣሁ «ምን ያጣድፍሻል፣ ገና ቶና ነው» ይሉኛል።

ሄኖክ፦ ቆይ፣ ይሄ እኮ ፖሞዶሮ ነው!

ቤቲ፦ ምኑ?

ሄኖክ፦ ከአራቱ አንዱ። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የሚባል ጣሊያናዊ ተማሪ ጥናት ላይ መቀመጥ አቃተው። ከኩሽና ቲማቲም የምትመስል የደቂቃ መቁጠሪያ አነሳና ሞላት። ዘዴው 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ እረፍት ነው። አራት ዙር ሲሞላ ረዘም ያለ እረፍት፣ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ።

ቤቲ፦ ታዲያ ከእትዬ ጋር ምን አገናኘው? የእሳቸው በረካ የሚያልቀው ውሃው ሲያልቅ ነው። ውሃው ሲቀጥን ቡናውም ይቀጥናል።

ሄኖክ፦ ዙር አለው፣ እረፍት አለው...

ቤቲ፦ ዙርማ እቁብም አለው! ልዩነቱ ትልቅ ነው እኮ። ያንተ ጣሊያናዊ ሥራውን የሚያቆመው ሰዓቱ ስለጮኸ ነው። እትዬ የሚያቆሙት በርሜሉ ስለሞላ ነው። እኔም እንደሳቸው ነኝ። ቀሚስ ላይ ጥለት እየገጠምኩ፣ መስመሩ ተስተካክሎ እጄ ሞቅ ሲል «ጢጢጢ፣ 25 ደቂቃ ሞላ» ቢለኝ ሰዓቱን በመስኮት ነው የምወረውረው። ካቆምኩ ጥለቱ ይዛነፋል። ደግሞ ተመልሼ እስክገባበት ሌላ 25 ደቂቃ።

ሄኖክ፦ ስለዚህ ዘዴው አይረባም?

ቤቲ፦ አልወጣኝም። ታናሽ ወንድሜ ለአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲያጠና በትክክል የረዳው እሱ ነው። የእሱ ችግር መጀመር ነው። መጽሐፉን ያያል፣ ይፈራዋል፣ ስልኩን ያነሳል። «25 ደቂቃ ብቻ» ስትለው ይቀመጣል። እኔ መጀመር አይቸግረኝም፤ የሚቸግረኝ የጀመርኩትን መርሳት ነው።

ሄኖክ፦ አሁን ወደ ርዕሱ እየገባሽ ነው።

ቤቲ፦ ገና ቶና ነው። ቀጥል።

ሄኖክ፦ [ሳቅ] ሁለተኛው የእኔ ነው። ቀኑን በየሰዓቱ መከፋፈል። ካላንደሬን ብታይው! አረንጓዴ የቢሮ ሥራ፣ ሰማያዊ ስብሰባ፣ ብርቱካናማ ትምህርት፣ ቢጫ...

ቤቲ፦ ቢጫው ምንድን ነው?

ሄኖክ፦ ...ጀሪካን።

ቤቲ፦ [ረጅም ሳቅ] ጀሪካኑን በቀለሙ!

ሄኖክ፦ ሳቂ ግን ይሠራል። ለእኔ ነገር እውነት የሚሆነው ሰዓት ሲኖረው ነው። «በዚህ ሳምንት እደውላለሁ» ካልኩ አልደውልም። «ማክሰኞ 4 ሰዓት» ካልኩ እደውላለሁ።

ቤቲ፦ እሺ፣ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ካላንደሩ ምን ይላል?

ሄኖክ፦ 12 ሰዓት ተኩል ታክሲ፣ 2 ሰዓት ቢሮ።

ቤቲ፦ እና?

ሄኖክ፦ ሰልፍ አለ።

ቤቲ፦ እና?

ሄኖክ፦ እሺ፣ ብዙ ጊዜ አረንጓዴው ውስጥ የሚገባው ታክሲው ነው። ግን ይሄ የእኔ ብቻ ችግር አይደለም። ካነማንና ትቨርስኪ የሚባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1979 «የዕቅድ ስህተት» ብለው ስም ሰጥተውታል። ሰው ሥራ ሲያቅድ፣ ባለፈው ምን ያህል እንደፈጀበት እያወቀ እንኳ፣ አሳንሶ ይገምታል። በፈረንጆቹ 1994 የወጣ የካናዳ ጥናት ደግሞ አለ። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎችን መቼ እንደሚጨርሱ ጠየቋቸው። በአማካይ 34 ቀን ገደማ ገመቱ። የፈጀባቸው ከ55 ቀን በላይ ነው።

ቤቲ፦ ቆይ ቆይ ቆይ። ይሄ እኮ የልብስ ሰፊ «ነገ» ነው!

ሄኖክ፦ [ሳቅ] በጥናት ተረጋገጠ!

ቤቲ፦ ደንበኞቼ ስሙ! ውሸታም አይደለንም፣ ካናዳም እንደዚሁ ነው! «ነገ ይደርሳል» ስል ከልቤ ነው። ሁሉ ነገር ባሰብኩት ከሄደ ይደርሳል። መብራት ካልጠፋ፣ ክር ካላለቀ፣ የባለቤቷ እህት መጥታ «ትንሽ ይጥበብ» ካላለች። ሁሉ ነገር ባሰብኩት የሄደበትን ቀን ግን አላስታውስም።

ሄኖክ፦ መፍትሔውን እነሱም ይናገራሉ። የምታስቢውን ተይና ባለፈው የፈጀውን ቁጠሪ።

ቤቲ፦ እሱን አሁን አደርገዋለሁ። ግን በካላንደር አይደለም። መጥተህ አይተሃል አይደል፣ ግድግዳዬን?

ሄኖክ፦ መስቀያዎቹን?

ቤቲ፦ አዎ። ለሰሚዎቻችን ላስረዳ። ሥራ ቤቴ ግድግዳ ላይ አራት ቦታ ገመድ አለ። በሩ ጋ ልኬት የተወሰደለት፣ ያልተቆረጠ ጨርቅ። ቀጥሎ የተቆረጠ። ከዚያ ማሽን ላይ ያለ። መጨረሻ ላይ የሚጠብቅ፤ ወይ ቁልፍ ይጠብቃል፣ ወይ ደንበኛዋ መጥታ እስክትለካው። ልብሱ ከገመድ ወደ ገመድ ይሄዳል። ጠዋት ስገባ ቀና እላለሁ፣ ሁሉም ይታየኛል። ለእኔ ካላየሁት ነገሩ የለም ማለት ነው። ደብተር ላይ ብጽፈው ደብተሩን እዘጋዋለሁ፣ በቃ ሞተ።

ሄኖክ፦ ካንባን።

ቤቲ፦ ደግሞ መጣህ።

ሄኖክ፦ ሦስተኛው ነው፣ ምን ላድርግ! ቶዮታ ነው። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ታይቺ ኦኖ የሚባል የፋብሪካው መሐንዲስ ያስፋፋው። ሐሳቡን ከአሜሪካ ሱፐርማርኬት ነው የወሰደው። መደርደሪያው ላይ ዕቃ ሲጎድል ብቻ ይሞላል። ፋብሪካውም ቀጣዩ ክፍል ካልጠየቀ ዕቃ አያመርትም፣ ጥያቄው በካርድ ይሄዳል። ዛሬ የቢሮ ሰው ሰሌዳ ላይ ወረቀት እየለጠፈ ይጠቀምበታል። «ያልተጀመረ፣ የተያዘ፣ ያለቀ» እያለ።

ቤቲ፦ ቁልፉ ምን መሰለህ? ማሽን ላይ የሚለው ገመድ ሦስት መስቀያ ብቻ ነው ያለው። ሆን ብዬ ነው። አራተኛ ቀሚስ የምጀምረው አንዱ ሲወርድ ነው።

ሄኖክ፦ እሱ ዋናው ነው! ብዙ ሰው ወረቀቱን ይለጥፍና ገደቡን ይረሳል።

ቤቲ፦ ገደቡ ባይኖር ከጥምቀት በፊት አብጄ ነበር። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል፤ ተረቱን ያወጣው ሰው ልብስ ሰፊ አይደለም። ጥር 10 ከሰዓት ድረስ ስልኬ አያርፍም። ሁሉም «የእኔን ብቻ አስቀድሚልኝ»። ስትጨነቅ ሁሉንም ትጀምራለህ። አንዱ እጅጌ የለውም፣ አንዱ አንገት የለውም፣ የሚለበስ ግን አንድም የለም። አሁን ግድግዳውን አሳያቸዋለሁ። «መስቀያ የለኝም» እላለሁ። ይገርምሃል፣ ሰው በቃል ስትነግረው ይከራከራል፣ ሲያየው ግን ይቀበላል።

ሄኖክ፦ መብራት ሲጠፋስ? ግድግዳሽ ምን ያደርጋል?

ቤቲ፦ ጥሩ ጠየቅክ፣ እሱ ላይ ነው ዋናው ጥበቤ። እያንዳንዱ ልብስ ላይ ክር አስሬያለሁ። ቀይ ክር ካለው መብራት ይፈልጋል፤ ማሽን፣ ካውያ። ነጭ ክር ካለው በእጅ ይሠራል፤ ቁልፍ መትከል፣ የነጠላ ጫፍ መቋጨት፣ ጠርዙን በመርፌ መያዝ። መብራት አለ? ቀይ። ጠፋ? ነጩን ይዤ በረንዳ። ድሮ መብራት ሲጠፋ ማማረር ነበር ሥራዬ። መብራት እያለ ደግሞ ቁልፍ እተክል ነበር፣ አስበው!

ሄኖክ፦ ይሄ በጣም ጥሩ ነው። ሥራን በሰዓት ሳይሆን በሚፈልገው ነገር መክፈል።

ቤቲ፦ አንተም ጋ ይሠራል። ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚሆን ሥራ የለህም? ስልክ መደወል፣ የድምፅ መልእክት መስማት። እሱን ቢሮ ለምን ትሠራዋለህ?

ሄኖክ፦ ካላንደሬ ላይ የስልክ ሰዓት 4 ሰዓት ስለሆነ።

ቤቲ፦ ሰልፍ ላይ ቆመህ ዝም ትላለህ፣ ቢሮ ገብተህ ትደውላለህ!

ሄኖክ፦ ግን ቤቲ፣ አንቺ የራስሽ አለቃ ነሽ። እኔ ሰባት ሰው የሚጠብቀኝ ስብሰባ አለኝ። «መብራት ሲመጣ እንሰብሰብ» አልላቸውም። ከሌላ ሰው ጋር ለሚሠራ ሰው ሰዓት የግድ ነው።

ቤቲ፦ ለስብሰባው እሺ። ለቀረው ቀንህ ግን ለምን?

ሄኖክ፦ ለቀረውም ነው። ባዶ ሰዓት ካየሁ ይጠፋብኛል። ራሴን አውቀዋለሁ።

ቤቲ፦ እኔ አልተስማማሁም። ባዶ ሰዓት ካልተውክ ሰልፉ የት ይግባ? እትዬ እኮ ሁልጊዜ አንድ ጀሪካን ባዶ ያስቀምጣሉ...

ሄኖክ፦ እትዬ ተመለሱ!

ቤቲ፦ ...አንዱ ጎረቤት ቢያመው፣ ቀብር ቢሄድ፣ ለእሱ የሚቀዳ። እቅዳቸው ውስጥ የሰው ችግር ቦታ አለው። ያንተ ካላንደር ውስጥ ለቅሶ ምን ዓይነት ቀለም ነው?

ሄኖክ፦ ...ቀለም የለውም። እሺ፣ ይሄን አስብበታለሁ። ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ክፍት ልተው እችላለሁ። አንድ ሰዓት ብቻ!

ቤቲ፦ ለቅሶ በአንድ ሰዓት?

ሄኖክ፦ አራተኛውን ልናገርና እንውጣ። የአይዘንሃወር ይሉታል፣ በአሜሪካው ፕሬዚዳንት ስም። «አስቸኳይ ነው?» እና «አስፈላጊ ነው?» የሚሉትን አንድ ላይ ትጠይቂያለሽ፣ አራት ሳጥን ይወጣል። አስቸኳይም አስፈላጊም ከሆነ አሁን ሥሪው። አስፈላጊ ሆኖ ካላስቸኮለ ቀን ቁረጪለት። አስቸኳይ ብቻ ከሆነ ለሌላ ስጪ። ሁለቱንም ካልሆነ ተይው።

ቤቲ፦ ለሌላ ስጪ? ለማን?

ሄኖክ፦ እሱ ፕሬዚዳንት ነበር።

ቤቲ፦ [ሳቅ] እኔ ጋ ደግሞ ሁሉም ደንበኛ አስቸኳይና አስፈላጊ ነው። ሦስቱ ሳጥን ባዶ።

ሄኖክ፦ መወሰን ለሚከብደው ሰው ግን ይጠቅማል። እኔ እንዲህ ነው የማየው፤ መጀመር የሚከብደው ደቂቃ ይቁጠር፣ የሚረሳ ዓይኑ ፊት ይስቀል፣ መምረጥ የሚከብደው ሳጥን ይሥራ...

ቤቲ፦ ሰዓቱ የራሱ ያልሆነ ደግሞ ሥራውን በመብራትና በውሃ ይከፋፍል። እሱን ዘለልከው።

ሄኖክ፦ ልልሽ ነበር።

ቤቲ፦ አልነበርክም። ይልቅ አንድ ነገር ቃል ግባ። ለአንድ ሳምንት የቢሮ ሥራህን ግድግዳ ላይ ለጥፍ። ሦስት ወረቀት ብቻ «የተያዘ» ላይ።

ሄኖክ፦ እለጥፋለሁ። በቀለም ግን ነው።

ቤቲ፦ ቀለሙን ተወው!

ሄኖክ፦ አልተውም። አንቺስ ቀይና ነጭ ክርሽን ትተያለሽ?

ቤቲ፦ ክር ሌላ ነው።

ሄኖክ፦ ክሩም ቀለም ነው!

ቤቲ፦ በሩ ተንኳኳ። ደንበኛ ናት፣ የነገዋ። ክፈትላት፣ ግድግዳውን አሳያት፣ እኔ ነጩን ይዤ በረንዳ ነኝ።